የጉባኤ አመሠራረትና ሥርዓት፦ ከቦሩ ሜዳ የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደሴ ከተማ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ቦሩ ሜዳ የሚባል ሰፊ መስክ ይገኛል። ዛሬ ብዙ ሰው ቦታውን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው፤ የሊቃውንትን ታሪክ የሚከታተል ደግሞ መምህር አካለ ወልድ ባስተማሩበት በቦሩ ሥላሴ ደብር ያስታውሰዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ግን ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉባኤ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚመሠረትና በምን ሥርዓት እንደሚመራ እንመለከታለን፤ ለዚህም የቦሩ ሜዳን ጉባኤ እንደ ዋና ምሳሌ እንወስዳለን።

፩. ጉባኤ ምንድን ነው?

«ጉባኤ» የግእዝ ቃል ሲሆን መሰብሰብን፣ በአንድነት መገኘትን ያመለክታል። በቤተ ክርስቲያናችን ቃሉ በሦስት ዐይነት አገባብ ይነገራል። የመጀመሪያው የትምህርት ጉባኤ ነው፤ መምህሩ ወንበር ዘርግቶ፣ ደቀ መዛሙርቱ ከብበውት መጻሕፍትን የሚተረጕምበት ነው። ሁለተኛው የአስተዳደር ጉባኤ ነው፤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው በቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚገኙበት ሰበካ ጉባኤ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ በእምነት ላይ ጥያቄ ሲነሣ አባቶች ተሰብስበው መርምረው የሚወስኑበት ነው።

እነዚህ ሦስቱ ሥርዓታቸው አንድ አይደለም። በትምህርት ጉባኤ የትርጓሜ ልዩነት ነውር የለበትም። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት ፍቺ ሲያወጣ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። በአስተዳደር ጉባኤ ሐሳብ ተሰምቶ በስምምነት ወይም በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። የሃይማኖት ቀኖና ግን በድምፅ ብዛት የሚጨመር ወይም የሚቀነስ አይደለም፤ የሚጠየቀው «ከሐዋርያትና ከአባቶች የተቀበልነው የቱ ነው?» ተብሎ ነው። ከጉባኤ ጠብ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው፤ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ክርክር እንደ ሃይማኖት ክርክር ሲያዝ፣ ወይም የሃይማኖት ጥያቄ በጭብጨባ እንዲወሰን ሲፈለግ።

፪. ከሐዋርያት የተቀበልነው ሥርዓት

የጉባኤ ሁሉ መነሻ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የተጻፈው የኢየሩሳሌም ጉባኤ ነው። ጥያቄው ከአሕዛብ ያመኑት የሙሴን ሕግ ይጠብቁ ወይስ አይጠብቁ የሚል ነበር። ሥርዓቱን ብንመለከት በመጀመሪያ ጥያቄው ግልጽ ሆኖ ቀረበ፤ ቀጥሎ ብዙ ክርክር ተደረገ፤ ከዚያ ጴጥሮስ ተናገረ፤ ሕዝቡም ዝም ብለው በርናባስንና ጳውሎስን አዳመጡ፤ በመጨረሻ ያዕቆብ የተባለውን ከመጻሕፍት ቃል ጋር አስማምቶ ፍርዱን ሰጠ። ውሳኔው በደብዳቤ ተጽፎ፣ የሚያስረዱ ሰዎች ተጨምረውበት ለአብያተ ክርስቲያናት ተላከ። ከደብዳቤው ጋር ወታደር አልተላከም።

ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ሦስቱ ዓለም አቀፍ ጉባኤያትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ 318 ሊቃውንት፣ በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ 150 ሊቃውንት፣ በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን 200 ሊቃውንት ተሰብስበው ወስነዋል። ቅዱስ ሲኖዶስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምት ወርና ከትንሣኤ በኋላ በርክበ ካህናት መሰብሰቡም ከዚሁ ጥንታዊ ቀኖና የመጣ ነው። ጉባኤ ጠብ ሲነሣ ብቻ የሚጠራ ከሆነ የሚሰበሰበው ለመሸናነፍ ይሆናል፤ በጊዜው የሚሰበሰብ ጉባኤ ግን ጥያቄን ገና ትንሽ ሳለ ያገኘዋል።

በሀገራችንም በ1442 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ በሰንበት አከባበር ምክንያት ተለያይተው የኖሩትን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ልጆች ከሌሎች ገዳማት ጋር አስታርቋል። ይህ ጉባኤ የሚወደስበት አንዱ ነገር የተለየውን ወገን ከማባረር ይልቅ ወደ አንድነት መመለሱ ነው።

፫. ወደ ቦሩ ሜዳ ያደረሰው ጥያቄ

ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊካውያን ሚስዮናውያን ክርክር በኋላ በሊቃውንቱ መካከል ረጅም ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ስለ ክርስቶስ መቀባት የተነገረው ቃል ምን ማለት ነው የሚል ነበር።

የተዋሕዶ ሊቃውንት፣ ተቃዋሚዎቻቸው «ካራ» የሚሏቸው፣ ሥጋ በተዋሕዶ ከበረ፤ ልደቱም ሁለት ነው፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት ብለው ያስተምራሉ። ቅብዓቶች ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት ነው አሉ። የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ወገኖች ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን እንደ ሦስተኛ ልደት ቈጠሩት። የቅብዓት ትምህርት በጎጃም፣ የሦስት ልደት ትምህርት በሸዋ ሥር ሰደደ። በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በደጃዝማች ካሣና በአቡነ ሰላማ ፊት በተደረገው ጉባኤ ተዋሕዶ ቢጸናም ጥያቄው አልተዘጋም።

፬. ጉባኤው እንዴት ተመሠረተ?

ጠሪውና ሰብሳቢው፦ ጉባኤውን የጠሩትና የመሩት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነበሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ ስምምነት የበላይነታቸውን ተቀብለው ስለ ነበር ከሊቃውንቶቻቸው ጋር ተገኙ። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ ጳጳስ አልነበረም፤ አቡነ አትናቴዎስ በ1868 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ማቴዎስ፣ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ ከእስክንድርያ የመጡት በ1874 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሃይማኖት ጉባኤ ሊሰበስብ የሚገባው መንበር ባዶ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቦታውን ያዙ።

ቦታው፦ ወሎ በትግራይና በሸዋ፣ በጎንደርና በጎጃም መካከል ያለ መገናኛ ነው። ሜዳው ብዙ ሠራዊትና ብዙ ሊቃውንት የሚያሳርፍ ነበር። ይህ ለጉባኤው ምቹ ቢሆንም ሠራዊት በሰፈረበት የሚደረግ ክርክር ፍርሃት አይለየውም።

ማስረጃው፦ ክርክሩ በመጻሕፍት ላይ የተመሠረተ ነበር። ጳጳስ ስላልነበረ ዐፄ ዮሐንስ ከእስክንድርያ መንበር ያስመጡት ደብዳቤ ለጉባኤው ቀረበ፤ የተዋሕዶን ትምህርትም አጸና።

ውሳኔው፦ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ንጉሥ ምኒልክም ውሳኔውን ተቀበሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬ በአንድ ቃል የምታስተምረው ትምህርት በሀገር ደረጃ ከጸናባቸው ታላላቅ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው። ስለ ውሳኔው እውነትነት ጥርጥር የለንም።

፭. ከውሳኔው በኋላ የሆነው

ታሪክን ስንጽፍ የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን ብንጽፍ ለእውነት አልቆምንም። ከተረቱት ወገኖች አንመለስም ያሉት ምላሳቸው መቈረጡን የዘመኑ ታሪክ ይናገራል። ውሳኔው ከሊቃውንቱ አልፎም ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተብለው በንጉሥ ምኒልክ አበ ልጅነት ተጠመቁ። ብዙ ሕዝብ ግን አልተቀበለውም፤ ከአገሩ የተሰደደ አለ፣ ሸኽ ጦልሃን በመሰሉ መሪዎች ሥር የተነሣም አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። የጉባኤው ትምህርት እውነት መሆኑ የተወሰደውን እርምጃ ሁሉ ትክክል አያደርገውም። እንዲሁም የእርምጃው ክፋት ትምህርቱን ሐሰት አያደርገውም። በቦሩ ሜዳ ጠሪው፣ ሰብሳቢውና ቀጪው አንድ እጅ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን የምትወስደው የመጨረሻው እርምጃ ውግዘት ነው፤ ውግዘትም በሥርዓታችን ለንስሐ የተከፈተ በር አለው። ምላሱ የተቈረጠ ሰው ግን ቢመለስ እንኳ በአፉ «ተመልሻለሁ» ሊል አይችልም። በግድ የተጠመቀም ሰው በልቡ አምኖ ይሁን ፈርቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ጥምቀት ደግሞ የእምነት ምስክርነትን የሚጠይቅ ምሥጢር ነው።

ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ምእመናን የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም። በእነዚህ ከተሞች የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን በአንድ ማለዳ ይሰማሉ፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሁለቱም እምነት ተከታዮች መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ለቅሶውም ሠርጉም የጋራ ነው። ስለ ቦሩ ሜዳ ስንናገር ጎረቤታችን እየሰማን ነው። የእርሱ ቅድመ አያት በዚያ ዘመን ምን እንደ ደረሰበት ዐውቀን ስንናገር የእኛም ቃል ይታመናል።

፮. ዛሬ ጉባኤ ስንመሠርት ልንጠብቀው የሚገባ ሥርዓት

በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሰበካ ጉባኤ ወይም በማኅበር ውይይት ስናዘጋጅ ከላይ ካየነው የሚከተሉትን እንወስዳለን።

አንደኛ፣ ጥያቄውን አስቀድሞ መለየት። የቀረበው የሃይማኖት፣ የትርጓሜ ወይስ የአስተዳደር ጥያቄ ነው? የሃይማኖት ጥያቄ ከሆነ ለአባቶች ይቀርባል እንጂ በአጥቢያ ውይይት አይወሰንም።

ሁለተኛ፣ ሰብሳቢውን ከተከራካሪው መለየት። ሰብሳቢ ተራ የሚሰጥ፣ ሰዓት የሚጠብቅ፣ ከርእስ የወጣውን የሚመልስ ነው። ራሱ መከራከር ከፈለገ ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ።

ሦስተኛ፣ ማስረጃን በሥርዓት ማቅረብ። «ሰማሁ» እና «ይባላል» ማስረጃ አይደሉም። መጽሐፉ ተገልጦ፣ ምዕራፉ ተጠቅሶ ይነበብ፤ ከተቻለም ትርጓሜውን የሚያውቅ መምህር ይገኝ።

አራተኛ፣ የሌላውን ሐሳብ ከመመለስ በፊት በትክክል ደግሞ መናገር። የቀደሙት አባቶች መናፍቃንን ሲመልሱ መጀመሪያ ቃላቸውን ይጽፉ ነበር። ያላዳመጥነውን ሐሳብ ብንመልስ የመለስነው የራሳችንን ግምት ነው።

አምስተኛ፣ የወጣቶችንና ዝም የሚሉትን ሐሳብ መጠየቅ። በብዙ አጥቢያ ጉባኤ የሚናገሩት ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ሰዎች ናቸው። እናቶችና ታናናሾች ግን ብዙ ጊዜ የተሰወረውን ችግር ያውቃሉ።

ስድስተኛ፣ ውሳኔውን መጻፍና ማንበብ። ቃለ ጉባኤ ጉባኤው ሳይበተን ተነብቦ ይፈረም፤ የተለየ ሐሳብ ያለውም ሐሳቡ ይመዝገብለት።

ሰባተኛ፣ ሐሳቡ ላልተቀበለው ወንድም መንገድ መተው። ጉባኤ ሲበተን የተሸነፈው ሰው በሚቀጥለው እሑድ ለቅዳሴ መምጣት ካፈረ ጉባኤው አልተሳካም። ሰብሳቢው ወይም የንስሐ አባቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያነጋግረው።

ማጠቃለያ

በቦሩ ሜዳ የተጠመቁት ሚካኤል በኋላ ንጉሥ ተብለው በደሴ ሲነግሡ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው ገብቶ ከማዕዱ የሚቀመጥ ሰው የማይናቅበት ቤት ማለት ነው። በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ትውልድ ዘመን፣ ሰው በፍርሃት የቆመበት ሜዳና ሰው የማይናቅበት አዳራሽ ሁለቱም ይታወሳሉ። እኛም የምንዘረጋው ጉባኤ ሃይማኖቱን እንደ ቦሩ ሜዳ ሊቃውንት አጥብቆ የሚይዝ፣ ወንድሙን ግን እንደ አዳራሹ ስም የማይጠየፍ ሊሆን ይገባዋል። እውነትን ያለ ፍቅር የያዘ ይሰብራል፤ ፍቅርን ያለ እውነት የያዘም ያስታል። ሁለቱን አስተባብረን እንድንይዝ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።