ዓባይን መሻገር ስንት ነው?

ባለፈው ክረምት ከጓደኞቼ ጋር የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ጀመርን። ዘመኑ ግንቦት 1860 ዓ.ም.፣ ቦታው የቦረናና የሳይንት ደጋ፣ ማለትም የዛሬዋ መካነ ሰላም ዙሪያ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሞተዋል። ተጫዋቾቹ ክረምት ሳይገባ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም መድረስ አለባቸው። አንዷ «ስንት ያስወጣናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን መመሪያ ገለጥኩ። ዋጋው ተዘርዝሯል፦ ከከተማ ከተማ በሠረገላ በማይል 3 የመዳብ ሳንቲም፣ የኬላ ቀረጥ 1 ሳንቲም። ግን የምን ሠረገላ? ከቦረና ጫፍ ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ያየ ሰው ጎማ ትዝ አይለውም። ድሃው በእግሩ፣ ባለጸጋው በበቅሎ፣ ዕቃው በአህያ ነው የሚሄደው። «ሒሳብ!» የሚል ረዳት የለም።

ታሪፉን ያገኘሁት ጨው ውስጥ ነው። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ደጋውን አቋርጦ ከዓባይ ማዶ ድረስ ይሄድ ነበር። እንደ ገንዘብም ይሠራል። እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፣ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ ቁጥሩ ይቀንሳል። በሁለት ገበያዎች መካከል ያለው ልዩነት የመንገዱ ዋጋ ነው ማለት ነው።

ለጨዋታዬ እንዲህ አሰላሁት፤ ቁጥሩ የኔ ነው፣ አካሄዱ ግን የታሪክ። ምሥራቅ ባለ ገበያ በ1 ብር 20 አሞሌ ይገዛል፤ ዓባይ ማዶ 15 አሞሌ 1 ብር ያወጣል። ነጋዴው ብሩን መልሶ 5 አሞሌ ይተርፈዋል። ከዚያች ላይ የአህያ ቀለብ፣ የጫኝ ምንዳ፣ የተሰበረ ጨው፣ ወንዝ ለሚያሻግረው ዋናተኛና ለኬላ ይከፈላል። የተረፈ ካለ ትርፍ ነው።

ኬላ ስል፣ የመመሪያው 1 ሳንቲም እዚህ አይሠራም። ነጋዴ በአንድ ጉዞ ብዙ ኬላ ያልፋል፣ በእያንዳንዱም ይቀረጣል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ወሎ ላይ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት ይፎካከሩ ነበር። ግዛት ሲከፋፈል በረኛ ይበዛል። ተጫዋቾቼም ገንዘብ ስላልነበራቸው ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተጠግተው፣ ሌሊት ጭነት እየጠበቁ ሄዱ።

ሁሉን ነገር በገንዘብ ገዝቶ እዚህ ደጋ የደረሰ መንገደኛም ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው 44 ዝሆኖች ይዞ፣ ለመኖና ለጭነት ማርትሬዛ እየቆጠረ ነው። ሰዉ የሚቀበለው 1780 የሚል የተቀረጸበትን ብር ስለሆነ፣ እንግሊዞች ያንኑ ቪየና ላይ አዲስ አስመቱ። ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳት። ቦረና ነው ያደገችው። ሰንጠረዤን ሳነብላት «ማደሪያ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ለማደሪያ ይከፈላል እንዴ?»

«ታዲያ የት ያድራሉ፣ እማዬ?»

«‹ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን› ይላሉዋ። ‹ቤት ለእንግዳ› ይባላሉ። እግራቸው ይታጠባል፣ የተገኘው ይቀርባል።»

ማደሪያውን ዜሮ አልኩት። ያን ጊዜ ነው ሒሳቡ የገባኝ። ሰው ባዶ ኪሱን አገር ያቋርጥ የነበረው መንገዱ ርካሽ ሆኖ አይደለም። ወጪውን በየመንደሩ ያለ ገበሬ ከጎተራው ይከፍልለት ነበር።

የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ሃያ ዓመት ዘሎ ክፉ ቀን ላይ ይደርሳል፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ረሃብ ማለት ነው። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ማሳው ጦም አደረ። በሰንጠረዡ ላይ የአህያውንና የእህሉን ዋጋ ከፍ አደረግኩ። ማደሪያው ላይ ስደርስ ግን ቁጥር መጻፍ አቃተኝ። ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ከደጁ «ቤቶች!» ሲባል የሚመልሰውን ማን ይተምነዋል?

ያችን ቦታ ባዶ ትቻታለሁ። ቅዳሜ ተጫዋቾቹ መሽቶባቸው ከአንድ ደጃፍ ሲቆሙ፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር ራሳቸው ይነጋገሩ።