ስለ ባሕር ማዶ ትምህርትና ስለ አርሲ ደጋ ታሪክ

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ እርሻ ብቻ አይደለም። በአንድ አገር አፈር ውስጥ ሥር የሰደደውን ነገር ነቅሎ ለማውጣት የዚያን አፈር ጠባይ የሚያውቅ ያስፈልጋል ማለታቸው ነው። ነገር ግን በሬው ራሱ ቀንበር የለመደው በሩቅ አገር፣ በሌላ ሰው እርሻ ላይ የሆነ እንደ ሆነስ ምን ይባላል? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐተታ ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ሥር ከምትገኘው ከአሰላ ከተማ የወጣ አንድ ወጣት እናስብ። ይህ ወጣት በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ድግሪውን አግኝቶ በረዳት መምህርነት ተቀጥሯል። በእጁም ሦስት ደብዳቤዎች አሉ። አንደኛው ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን የትምህርቱን ዋጋ ሸፍኖ፣ የወር አበል ጨምሮ፣ ለአምስት ዓመት ወደ ዶክትሬት ይጠራዋል። ሁለተኛው ከእንግሊዝ አገር ለአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት የመጣ ነው። ሦስተኛው በአዲስ አበባ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ሲጨርስ ተመልሶ ሊያስተምር ውል ፈርሞ እንዲማር የሚፈቅድ ነው። ዘመዶቹ ገንዘቡን ይቈጥራሉ፤ ባልንጀሮቹ የአገሩን ስም ያያሉ። እኛ ግን ከእርሱ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉት ሰዎች ምን እንደ ገጠማቸው መመልከት ይገባል እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

ታሪኩ የሚጀምረው አርሲን ይገዛ ከነበረው ቤት ነው። የአርሲ ሕዝብ በለንጅሶ ዲጋና በሌሎች መሪዎቹ አማካይነት ለብዙ ዓመት ሲከላከል ቈይቶ በ1886 በአዙሌ ጦርነት ድል ሲሆን፣ የዘመቻው አዛዥ የነበሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የአገሩ ገዥ ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በ1894፣ የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ከክታው ዘአማኑኤል ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ወደ ኒውሻቴል ተላከ። ወጣቶቹን ይዞ የሄደው በምኒልክ ዘንድ ባለሟል የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበረ። ነገር ግን ትምህርቱ ሳይጸና የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት ተነሣ፤ ወጣቶቹም ወደ ኢጣልያ ወገን ተሻገሩ። ኢጣልያኖቹም የራሱን ልጅ ለፖለቲካቸው መሣሪያ ሊያደርጉት አሰቡ።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ወጣቶቹን ከሃዲዎች ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በባዕድ አገር ያለ ተማሪ የሚኖረው በሌላ ሰው እጅ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። እንጀራውን የሚቈርስለት ሲለወጥ ሐሳቡም ሊለወጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ያው ስደት ፍሬ አላፈራም አይባልም። አፈወርቅ በ1908 በሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ የአማርኛ ልብ ወለድ ጽሑፍ መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠራልና። የአርሲ ገበሬ ልጅ ግን ይህን የመሰለ ዕድል ለማየት ገና ብዙ ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

የሁለተኛው ዘመን ምሳሌ መላኩ በያን ናቸው። በ1922 ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር አሜሪካ ደርሰው በኦሃዮ በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ፣ ሕክምናን የተማሩት በዋሽንግተን፣ የጥቁር አሜሪካውያን ትልቅ መዲና በነበረው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበረ። በዚያ ያገኙት የሕክምና ድግሪ ብቻ አልነበረም፤ ወዳጅም አገኙ። አገራችን በተወረረች ጊዜ ይኸው ወዳጅነት ጠቀመን፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ዋናው መሪ እርሳቸው ነበሩ። የሚማሩበት ቦታ ከሚማሩት ትምህርት የማያንስ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የሆነውን ግን ማን ይረሳዋል? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች ከፈጁት ሕዝብ ጋር ብዙ የተማሩ ወጣቶችንም እያደኑ ገደሉ። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ትምህርትን እንደገና ከሥሩ መጀመር ነበረበት። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ነገር ግን በታሪክ ወይም በቋንቋ ከመጀመሪያው ድግሪ በላይ ለመማር የሚፈልግ ሁሉ ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት። ታደሰ ታምራት በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት በ1968 ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ፤ መርዕድ ወልደ አረጋይም በዚያው ትምህርት ቤት በ1971 ተከተሏቸው። የመርዕድ ጥናት ከ1508 እስከ 1708 ስለ ነበረው የደቡብ ኢትዮጵያ ታሪክና ስለ ኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ የሚናገር ነውና ለአርሲ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ሊቃውንት ተመልሰው ትውልድ አስተማሩ።

ደግሞ ሌላ ነገር እናስተውል። የአገራችን ተማሪዎች ወደ ውጭ ሲሄዱ፣ የውጭ አገር ሊቃውንት ወደ አርሲ ይመጡ ነበር። ጀርመናዊው አይኬ ሃበርላንድ ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ኦሮሞ የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ በ1963 ታተመ። እንግሊዛዊው ፖል ባክስተር በ1960ዎቹ ማለቂያ በአርሲ ኦሮሞዎች መካከል ተቀምጠው ሥርዓታቸውንና ዘፈናቸውን አጠኑ። በ1967 ደግሞ የስዊድንና የኢትዮጵያ መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን በአሰላ አቋቋሙ። የተሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው ደረሰ፤ ነገር ግን መሬቱ የሌላ ነበርና ትራክተር ሲመጣ ከእርሻው የተነቀለ ጭሰኛ ብዙ ሆነ። ይህን ሁሉ የሚመረምሩ ጥናቶች ተጻፉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የታተሙት በኡፕሳላ ነበረ።

እንግዲህ ነገሩን በቅን ልቡና ብናየው፣ ሃበርላንድና ባክስተር ለአርሲ ሽማግሌ ደጃፍ ሲሉ አገራቸውን ትተው መጡ፤ የዚያ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ደግሞ ስለ አያቱ የተጻፈውን ለማንበብ ወደ እነርሱ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። መጽሐፉ በዚያ፣ አፉ በዚህ ነው። መጽሐፉ ይጠብቃል፤ የሽማግሌው አፍ ግን አይጠብቅም።

በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ይህ ችግር በከፊል ተቃለለ። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ብዙ ወጣቶች አልቀዋል፣ ከውጭም ሳይመለሱ የቀሩት ብዙዎች ናቸው። ቢሆንም የታሪክ ክፍሉ ተማሪዎች ወደየተወለዱበት እየሄዱ ከሽማግሌ አፍ የሰበሰቡትን ለመመረቂያቸው መጻፍ ቀጠሉ፤ ጽሑፎቻቸውም በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛሉ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ከወጡት አንዱ አባስ ሐጂ ገነሞ ናቸው። ከ1880 እስከ 1974 ስለ ነበረው የአርሲ ኦሮሞ ድል መሆንና ተጋድሎ የጻፉት መጽሐፍ በ2014 በሆላንድ አገር በላይደን ታትሟል። ያውም በዚያው ዓመት በሔጦሳ የአኖሌ ሐውልት የተመረቀበት፣ ስላለፈው ደም ብዙ ክርክር የተነሣበት ጊዜ ነበር። ክርክር በሚበዛበት አገር ደግሞ በሚገባ የሠለጠነ የታሪክ ጸሐፊ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ወጣቱና ወደ ሦስቱ ደብዳቤዎች እንመለስ። እኛ ሦስት ሚዛን እናቀርብለታለን፤ እነርሱም እንጀራ፣ ቤተ መጻሕፍትና የመመለሻ መንገድ ናቸው።

ስለ እንጀራው፣ አበሉን በብር መንዝሮ መደሰት አይበቃም፤ በሚኖርበት ከተማ የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሚወስድበት ይጠይቅ። አበሉ ለስንት ዓመት የተረጋገጠ እንደ ሆነ፣ በበጋው የዕረፍት ወራትም ይቋረጥ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይወቅ። ባለ ትዳር ከሆነ ደግሞ፣ በተለመደው የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ተከትላው የምትሄድ ሚስት ሠርታ ደመወዝ ለማግኘት የማይፈቀድላት መሆኑን አስቀድሞ ይረዳ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መልሱንም አያጣድፍ፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ደንብ መሠረት ድጎማ የተሰጠው ተማሪ ከኤፕሪል 15፣ ማለት ከሚያዝያ 7 ቀን፣ በፊት እንዲወስን አይገደድም።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻውን አያስተምርም። በዚያ የሚመራው መምህር ኢትዮጵያን ያውቃልን? ኦሮምኛ፣ ግዕዝ ወይም ዓረብኛ የሚያነብስ ይገኛልን? የአንድ ዓመቱ የእንግሊዝ ትምህርት አጭር ነው፤ ለማንበብ ይበቃል፣ ለመመራመር ግን ጊዜ አይሰጥም። ከእንግሊዝ መንግሥት ዕድሎች አንዱ፣ ቼቭኒንግ የሚባለው፣ ተማሪው ሲጨርስ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ ይህን አንዳንዱ እንደ እስራት ያየዋል፣ እኛ ግን እንደ ድልድይ እናየዋለን።

ሦስተኛው ሚዛን የሚረሳው ነው። ገንዘብ ሰጪው ለምርምር ወደ አሰላ፣ ወደ ጢቾና ወደ ሮቤ ተመልሶ ከሽማግሌዎች ጋር አንድ ዓመት ያህል እንዲቀመጥ ይከፍልለታልን? የጥናቱን ርእስ የሚመርጠው ማን ነው? ይህ ካልተሟላ አምስት ዓመት ተምሮ ስለ ሌላ ሰው ጥያቄ መልስ ይዞ ይመጣል። ከተሟላ ግን የአሜሪካው ደብዳቤ ከሦስቱ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ማዶ መሄድ ብቻውን አገርን መተው አይደለምና።

በአገር ውስጥ መቅረትም ብቻውን ጽድቅ እንዳልሆነ እንመሰክራለን። የመምህር ደመወዝ ጥቂት፣ የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ ከባድ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሄደን ሰው ልንወቅሰው አንደፍርም። ስለዚህ ግዴታው የተማሪው ብቻ አይደለም። በ2014 ራሱን ችሎ የቆመውን የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የመሳሰሉት ተቋሞች ለሚሄደው ልጅ ውል ማስፈረም ብቻ ሳይሆን፣ ሲመለስ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚያነበው መጽሐፍና ለሽማግሌዎቹ ቃል ማስቀመጫ ቤት ሊያዘጋጁለት ይገባል።

እኛ የትኛውን ደብዳቤ እንደሚቀበል አንወስንለትም። ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት አንድ ሳምንት ወደ መንደሩ ይሂድ፤ በገብሱ እርሻ ዳር ከአያቱ ጋር ተቀምጦ ስለ አዙሌ፣ ስለ ጭሰኝነት ዘመን፣ መሬት ለአራሹ ስለ ሆነበት ስለ 1967 ዓ.ም. ይጠይቅና የሚነግሩትን ጽፎ ይያዝ። ያ ደብተር በሻንጣው ውስጥ ካለ፣ ቀንበሩን በየትኛውም አገር ይልመድ፣ ወደ ሰርዶው የሚመልሰውን መንገድ አይስተውም።