ከእንሶስላ እስከ ካስክ፤ የሙሽራ ዝግጅት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ሙሽራን ማሰናዳት በቀድሞው ዘመን በአንድ ጧት የሚፈጸም ሥራ አልነበረም። በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ክፍል ልጃገረድ መሀል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ጋሜ ታስቀር ነበር፤ ባል ስታገባ ግን መላ ጠጉሯን ታሳድጋለች፤ የተላጨውም አናት ለሹሩባ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። እንሶስላም የራሱ ቀጠሮ ነበረው። ሥሩ ተወቅጦና ተቀቅሎ በእጅና በእግር ላይ ከተደረገ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። ተክሉ ርጥበት ያለውን ደጋና ወይና ደጋ የሚወድ በመሆኑ፣ በሞቃቱ ሸለቆ የሚኖር ቤተሰብ አስቀድሞ ከገበያ ሊፈልገው ይገባ ነበር። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለምትዳረው ልጇ ሲንቄ ታስረክባለች፤ በዚያው አገር ቅቤ የበረከት ምልክት በመሆኑ ጠጉር መቀባቱ ከጌጥነት ያለፈ ትርጉም አለው። በሙስሊሙ ቤት የእንሶስላን ቦታ ሂና ይይዛል፤ እርሱም ሙሉ መልኩን የሚያገኘው ከተነሣ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው። ሥራውን የሚሠሩት እናት፣ አክስትና ጎረቤት ሲሆኑ፣ ቀኑን የሚቈጥሩትም እነርሱው ነበሩ።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ በመንገዱ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረና በደመወዝ የሚተዳደር ሕዝብ በአካባቢው ሰፈረ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ይህ ለጠጉር ሥራ ቀላል ነገር አይደለም፤ ካስክ በከሰል አይሠራምና። የሙያው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ፤ ካስክና ቢጎዲን ከፈረንሳይኛ፣ ፒያስትራ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሹሩባ ግን ስሙንም ሠሪዋንም ሳይለውጥ በዚያው ቤት አንድ ጥግ ይዞ ቀረ።

ሥራው ከቤተ ዘመድ ወደ ጠጉር ሥራ ቤት ሲዛወር የጠፋው ቀን ቈጠራው ነው። ቀድሞ በሳምንታት ይከናወን የነበረው ሁሉ በሠርጉ ዕለት ንጋት ላይ ተከመረ። የዘመን አቈጣጠሩም ያባብሰዋል። በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደገስም፤ ጾሙ ቢፈጥን የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። እንግዲህ ከቃና ዘገሊላ፣ ማለት ከጥር 12 ቀን ጀምሮ ሲቈጠር፣ የሠርጉ ወራት ባጠረበት ዓመት 19፣ በረዘመበት 53 ቀን ነው። በ19 ቀን ውስጥ የሚገኘው እሑድ ሦስት ብቻ ነው! በእነዚህ እሑዶች አንዲት ባለሙያ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ሙሽራንና ሚዜዎችን በተራ ብታስቀምጥ፣ ጥድፊያው የእርሷ ጥፋት ሊባል አይገባም። ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው የሠርግ ወራት ሰፋ ቢልም፣ የሸለቆው ሙቀት የፊት ቅባቱን ያቀልጠዋል። (በበጋ ደግሞ የአዳማን የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚያሽከረክረው ነፋስ ለሙሽራ ጠጉር አይራራም።)

ጥድፊያው ያስከተለው ጉዳት ግን ከመልክ ያልፋል። ካስቲክ ሶዳ ያለበት ሪላክሰር ራስ ቅልን የሚያቃጥል ነው፤ ከጠጉር ማቅለሚያ ጋር በአንድ ቀን መዋል የለበትም፤ በመካከላቸው ሁለት ሳምንት ማሳለፍ የተለመደ ምክር ነው። በጠጉር ማቅለሚያ ውስጥ የሚገኘው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንዳንድ ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ያስነሣል። ይኸው ነገር «ጥቁር ሂና» በሚባለው ውስጥ ሲጨመር በእጅ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስልና ጠባሳ ያስከትላል፤ ቀዩን የተፈጥሮ ሂና በዚህ መጠርጠር አይገባም። ችግሩ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይቈያል። ቅዳሜ ማታ የተቀባች ሙሽራ ዕብጠቱን የምታየው በመልሷ ቀን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በቆዳ ላይ በጥቂቱ ቀብቶ 48 ሰዓት የመጠበቁ ደንብ በሠርግ ሳምንት ይበልጥ የሚያስፈልግ ነው። እሑድ ለምትሞሸር ልጅ ሙከራው ቢዘገይ ከሐሙስ ጧት ማለፍ የለበትም፤ ቅዳሜ ጧት ቆዳው ቀልቶ ወይም አሳክኮ ቢገኝ፣ ቀለሙን ትቶ በሹሩባ ለመተካት ያ አንድ ቀን ይበቃል።