የዶክተር አንዳርጋቸው ሙሉ የምርምር ጉዞና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት መላመድ በኢትዮጵያ

የፀረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገሪቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ሕይወታቸው ተራዝሟል፤ ወደ ሥራና ወደ ቤተሰባቸውም ተመልሰዋል። ሕክምናው ውጤታማነቱን ጠብቆ መቀጠል የሚችለው ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን እስካልተላመደ ድረስ መሆኑ ይታወቃል። ይህንኑ ጥያቄ በአገር ውስጥ መረጃ ለመመለስ ከጣሩት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መካከል ዶክተር አንዳርጋቸው ሙሉ ይገኙበታል።

ዶክተር አንዳርጋቸው የምርምር ሥራቸውን ያካሄዱት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የቫይሮሎጂ ተቋም እና በኋላም በአዲስ አበባ በሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሥፍራ በአለርት ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሥፍራው ወደ አየር ጤናና ዓለም ባንክ በሚያመራው የከተማዋ ምዕራባዊ አቅጣጫ ላይ ሲሆን፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ዛሬ ለአካባቢው ነዋሪዎች የፀረ-ኤች.አይ.ቪ. ሕክምናን ጨምሮ ጠቅላላ የሕክምና አገልግሎት የሚሰጥ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒትን ስለሚላመዱ ተሕዋስያን የሚደረግ ጥናት በአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965፣ የምርምር ኢንስቲትዩቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ሲቋቋሙ ዋነኛ ትኩረታቸው የሥጋ ደዌ ነበር። ኢንስቲትዩቱ ስያሜውን ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኙት ኖርዌያዊ ሐኪም ከጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። በዚያን ዘመን ሕሙማኑ ይታከሙ የነበሩት ዳፕሶን በተባለ አንድ መድኃኒት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የተካሄዱ ጥናቶች ባክቴሪያው ዳፕሶንን እየተላመደ መምጣቱን አረጋገጡ። ከሌሎች አገሮች ከተገኘው ተመሳሳይ መረጃ ጋር ተዳምሮም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የሥጋ ደዌ ሕክምና በአንድ መድኃኒት ሳይሆን በመድኃኒቶች ጥምረት እንዲሰጥ ለመወሰን በቃ። ከዚህ ተሞክሮ መገንዘብ እንደሚቻለው መላመድን አስቀድሞ የለካ የጤና ሥርዓት የሕክምና መመሪያውን በጊዜ ማስተካከል ይችላል።

ኤች.አይ.ቪ. ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በእጅጉ የፈጠነ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመራባት ሁለት ሳምንት ገደማ ሲወስድበት፣ ሕክምና ባላገኘ ሰው ሰውነት ውስጥ ግን በየቀኑ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ አዳዲስ የኤች.አይ.ቪ. ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ቫይረሱ ዘረ መሉን የሚገለብጥበት ኢንዛይም ስህተቱን የማረም ችሎታ ስለሌለው በየጊዜው በዘረ መሉ ላይ ጥቃቅን ለውጦች ይከሰታሉ። ከእነዚህ ለውጦች አንዱ መድኃኒቱን ለመቋቋም የሚያስችል ሆኖ ከተገኘና መድኃኒቱ በደም ውስጥ በበቂ መጠን ከሌለ፣ ለውጡን የያዘው ቫይረስ ሌላውን ተክቶ ይበዛል። ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት የሚሰጡትም ቫይረሱ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መቋቋም እጅግ አዳጋች ስለሚሆንበት ነው።

በኢትዮጵያ ኤች.አይ.ቪ. መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰበ ደም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የፀረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስፋት ጥቅም ላይ የዋሉት እንደ ስታቩዲን፣ ዚዶቩዲን፣ ላሚቩዲን፣ ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ላሚቩዲን፣ ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ በአንድ የዘረ መል ለውጥ ብቻ ኃይላቸውን ሊያጡ የሚችሉ በመሆናቸው፣ ሕክምናው ሲስፋፋ የመላመዱ ችግርም አብሮ ይስፋፋ ይሆን የሚል ሥጋት በመላው አፍሪካ ተነሥቶ ነበር።

ለዚህ ሥጋት መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ መነሻ መረጃ ያስፈልግ ነበር። በዶክተር አፈወርቅ ካሡ የተመራውና ከጃፓን ተመራማሪዎች ጋር የተካሄደው ጥናት፣ መድኃኒት ካልጀመሩ 92 የጎንደር ሕሙማን የተወሰደ ደም መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሟል። በወልደአረጋይ እርቁና በባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ሌላው ጥናት በአዲስ አበባ የነፍሰ ጡሮች ክትትል ያደርጉ የነበሩ እናቶችን የሚመለከት ነበር። በዚህ ጥናት ከሌላ ሰው የተላለፈ መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ መጠን ከ5 በመቶ በታች መሆኑ ተረጋግጧል። ይህም ነፃ ሕክምናው በተጀመረበት ወቅት አገሪቱ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ከሆነ መነሻ መንቀሳቀሷን ያመለክታል።

ዶክተር አንዳርጋቸው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ወቅት ያተኮሩት ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ተያይዘው በሚከሰቱ የጤና ችግሮች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ባለና በሌለ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚታየውን የቫይታሚን ኤ እጥረት ይመለከታል። የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችን በመድኃኒት ማስወገድ በኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን በሽታ የመከላከል አቅም ላይ የሚያመጣውንም ለውጥ አጥንተዋል። ምግብ፣ ጥገኛ ትላትልና ቫይረስ በአንድ ታማሚ ላይ ተደራርበው ስለሚገኙ እነዚህ ጥናቶች ከአገሪቱ ነባራዊ ሁኔታ የመነጩ ነበሩ።

ከዚያም ትኩረታቸው ወደ ሕክምናው ውጤትና ወደ መድኃኒት መላመድ ተሸጋገረ። ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኡቭ ሊበርትና ከሜላኒ ማየር ጋር በመሆን ያካሄዷቸው ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በተከታታይ ታትመዋል። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒት ያልጀመሩ ሕሙማንን የቫይረስ ዝርያና በአዋቂዎችና በሕፃናት ላይ የታየውን የሕክምና ውጤት የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ በአገሪቱ ሰፍኖ የሚገኘው የኤች.አይ.ቪ. አንድ ሲ ዝርያ መሆኑን በድጋሚ አረጋግጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና ነፃ ሕክምናው ከተስፋፋ ከአሥር ዓመት በኋላ ያለውን ሁኔታ የገመገመው ጥናት ከሁሉም በላይ ለአስተዳደር ውሳኔ የሚረዳ መረጃ ይዟል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕክምና ያልጀመሩ 220 ሰዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 127ቱ እስከ 38 ወራት ድረስ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በአማካይ ከ30 ወራት ሕክምና በኋላ ከ127ቱ መካከል በ112ቱ፣ ማለትም በ88.2 በመቶዎቹ ደም ውስጥ የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ40 ቅጂ በታች ወርዶ ተገኝቷል። ቫይረሱ ካልወረደላቸው 15 ሰዎች መካከል መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ የተገኘባቸው ስድስት፣ ወይም ከጠቅላላው 4.7 በመቶ ናቸው። የተገኙት የዘረ መል ለውጦችም የሚጠበቁት ዓይነት ነበሩ። ላሚቩዲንን የሚያዳክመው ኤም 184 ቪ በአራት ሰዎች፣ ኤፋቪሬንዝንና ኔቪራፒንን የሚያከሽፈው ኬ 103 ኤን በሁለት ሰዎች፣ ቴኖፎቪርን የሚመለከተው ኬ 65 አር በአንድ ሰው ላይ ታይተዋል። መጠኑ ከሰሐራ በታች ካሉ ሌሎች አገሮች ቀደም ሲል ከተዘገበው ዝቅ ያለ ነው። አኃዙ ግን በክትትል ላይ የቆዩትን ብቻ የሚመለከት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ከዝቅተኛው አኃዝ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ሌላ ግኝት አለ። በወቅቱ በአገሪቱ ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በታማሚው የጤና ሁኔታና በሲዲ ፎር ሕዋሳት ቁጥር ነበር። ቫይረሱ ካልወረደላቸው 15 ሰዎች መካከል 13ቱ በእነዚህ መለኪያዎች መሠረት ሕክምናቸው እንዳልሠራ የሚያመለክት ነገር አልታየባቸውም። በመሆኑም ውጤት የማይሰጠውን መድኃኒት መውሰዳቸውን ቀጥለዋል። ሰው ክብደቱን ጠብቆ፣ ሥራውን እየሠራ፣ ቀጠሮውን ሳያጓድል ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ሊራባ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር ቫይረሱ ተጨማሪ ለውጦችን እንዲያከማች፣ ለሌላ ሰውም እንዲተላለፍ ዕድል ይሰጠዋል። ተመራማሪዎቹም የቫይረስ መጠን ምርመራ እንዲስፋፋና መድኃኒትን በአግባቡ የመውሰድ ምክር እንዲጠናከር አሳስበዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የቫይረስ መጠን ምርመራ ተመራጭ የክትትል ዘዴ እንዲሆን ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ ከጎንደር የተገኘው መረጃ የዚህን ምክር ትክክለኛነት በአገር ውስጥ ሕሙማን ላይ ያሳየ ነው። ኢትዮጵያም ይህንኑ የክትትል ዘዴ ተቀብላ ምርመራውን በላብራቶሪዎቿ አስፋፍታለች።

የመድኃኒቶቹ ጉዳይም በዚያው አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት ጥናት ከተካሄደባቸው 11 አገሮች በስድስቱ፣ ሕክምና ከሚጀምሩ ሰዎች መካከል ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ ኤፋቪሬንዝ ያሉ መድኃኒቶችን የተላመደ ቫይረስ እንደነበራቸው ተመልክቷል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሉቴግራቪር የተባለው መድኃኒት ተመራጭ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና እንዲሆን አሳሰበ። መድኃኒቱ የሚያርፈው ኢንቴግሬዝ በሚባለው የቫይረሱ ኢንዛይም ላይ ነው። ዶክተር አንዳርጋቸውና ባልደረቦቻቸው ከዚህ አራት ዓመት አስቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በኤች.አይ.ቪ. አንድ ሲ ናሙናዎች ላይ ይህን የመድኃኒት ክፍል የሚቋቋም ዋነኛ የዘረ መል ለውጥ አለመገኘቱን አስታውቀው ነበር። ኢትዮጵያም ወደ ዶሉቴግራቪር ስትሸጋገር ይህን የመሰለ አገራዊ መረጃ በእጇ ነበር።

ዶሉቴግራቪር ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ይልቅ ለመላመድ የሚያስቸግር ቢሆንም ፈጽሞ የማይበገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት መድኃኒቱን የተላመደ ቫይረስ መጠን ጥናት በተደረገባቸው ሁኔታዎች ከ3.9 እስከ 8.6 በመቶ መድረሱን ያሳያል። ቀደም ሲል በሌላ መድኃኒት ታክመው ከፍተኛ የቫይረስ መጠን እያለባቸው ወደ ዶሉቴግራቪር በተሸጋገሩ ሰዎች ላይ ደግሞ 19.6 በመቶ ደርሶ ነበር። መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት የቫይረሱን መጠን መለካት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ለጤናው ዘርፍ ብቻ የሚተው አይሆንም። መድኃኒት መላመድ ብዙውን ጊዜ በታማሚው ቸልተኝነት ብቻ እንደሚመጣ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ይሁንና መድኃኒት በመጋዘን ሲያልቅ፣ የላብራቶሪ ኬሚካል ግዥ ሲዘገይ፣ የተበላሸ የምርመራ መሣሪያ ሳይጠገን ሲቀር፣ የምርመራ ውጤት ወደ ጤና ጣቢያው ሳይመለስ ሲቆይ፣ ታማሚው ከቀዬው ሲፈናቀልም መላመዱ ይከሰታል። እንደ ኤፋቪሬንዝ ያሉ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆዩ፣ ሕክምናው በድንገት ሲቋረጥ ለቀናት ብቻቸውን ይቀራሉ። ለቫይረሱ አመቺ የሚሆነው ይህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በድንገት መቆሙ በበርካታ አገሮች የኤች.አይ.ቪ. አገልግሎት ላይ ያስከተለው መስተጓጎልም ለመድኃኒትና ለምርመራ የሚውል የአገር ውስጥ በጀት አስተማማኝ መሆን እንዳለበት አመላክቷል።

ከዶክተር አንዳርጋቸው ሥራዎች መገንዘብ እንደሚቻለው የሕክምና መርሐ ግብር ስኬት በመድኃኒት ተጠቃሚዎች ቁጥር ብቻ አይለካም። የሪፖርት ቅጽ የሚሞላ የጤና ጽሕፈት ቤት ስንት ሰው መድኃኒት እንደወሰደ ከማስፈር ጎን ለጎን፣ ከእነዚህ ውስጥ የስንቱ ቫይረስ መጠን እንደተለካ፣ የስንቱ እንደወረደ፣ ካልወረደላቸው ውስጥ ስንቱ በጊዜው ምክርና የመድኃኒት ለውጥ እንዳገኘ መመዝገብ ይኖርበታል። በጎንደር ጥናት ውስጥ የነበሩት 13 ሰዎች በዓይን ሲታዩ ጤነኞች ነበሩ፤ የሕክምናቸው አለመሥራት የታወቀው ደማቸው ስለተመረመረ ነው።