የቫዮሊን ጨዋታና የዶክተርነት ማዕርግ

ድጓን በየአገሩ የሚያስተምሩ መምህራን ብዙዎች ናቸው፤ ምስክርነቱ ግን የሚገኘው በጋይንት ካለችው ከቤተልሔም ነው። ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ዘንድ ብዙ ዓመት ከርሞ፥ ጾመ ድጓውንና ድጓውን ከነምልክቱ አጥንቶ፥ በመጨረሻ ወደዚያ ይሄዳል፤ በመምህራኑ ፊት ዜማውን አሰምቶ፥ ተደምጦና ታርሞ «አስመሰከረ» ይባላል። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ፥ አቋቋም በጎንደር እንደዚሁ ይመሰከራል። ስለ ዜማ የጻፈው ነገር አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ማዜሙ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ባዘጋጁ ጊዜ እንኳ፥ ጽሕፈቱ የጆሮንና የቃልን ትምህርት ረዳው እንጂ አልተካውም።

በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ዮሴፍ ሃይድን በ1791 ከኦክስፎርድ የሙዚቃ ዶክተርነትን ሲቀበል የተከበረው ስለ ደራሲነቱ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የጆርጅ ብሪጅታወር ታሪክ ነው። ይህ አፍሪካዊ ደም ያለበት የቫዮሊን ሊቅ በሜይ 24 ቀን 1803 በቪየና ከቤትሆቨን ጋራ አንድ አዲስ ሶናታ ተጫወተ፤ ፒያኖውን የመታው ራሱ ደራሲው ነበር። ድርሰቱ በጥድፊያ ያለቀ ስለ ነበር፥ ለመገልበጥ ጊዜ ታጥቶ ሁለተኛውን ክፍል ብሪጅታወር በቀጥታ ከቤትሆቨን የእጅ ጽሑፍ ላይ እያነበበ ተጫወተው፤ የቤትሆቨንን የእጅ ጽሑፍ ያየ ሰው የዚህን ጭንቀት ያውቀዋል። ኋላ ሁለቱ ስለ ተጣሉ ሶናታው ለሮዶልፍ ክሮይጸር ተሰጥቶ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ብሪጅታወር በ1811 ከኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ የባችለር ዲግሪ በተቀበለ ጊዜ ግን የተመዘነው በቫዮሊኑ አልነበረም፤ ለዘማሪዎችና ለኦርኬስትራ የሚሆን መዝሙር ደርሶ ማቅረብ ነበረበት። በጣቱ ያን ያህል የታወቀው ሰው ለዲግሪው የቀረበው በብዕሩ ነው።

ተጫዋቹ በጨዋታው ለዶክተርነት የሚበቃበት መንገድ የተከፈተው እጅግ ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ያለው የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት፥ በዲሬክተሩ በሃዋርድ ሃንሰን ጊዜ፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሙዚቃ ጥበብ ዶክተርነትን ካቋቋሙት ቀደምት ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆነ። በዚህ ሥርዓት ሪሳይታል፥ ይኸውም በጉባኤ ፊት የሚቀርበው የመሣሪያ ጨዋታ፥ የምርምር ጽሑፍ ያህል ይቈጠራል።

ይህ ከጽሑፍ ይልቅ የቀለለ መንገድ የሚመስላቸው አሉ፤ ተሳስተዋል። የሪሳይታሉ ብዛት በየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ አንዱ ለቫዮሊንና ለፒያኖ፥ አንዱ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋራ፥ አንዳንድ ጊዜም ሌላው ከማብራሪያ ንግግር ጋራ ይሆናል። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፥ የድርሰቶቹ ዝርዝር አስቀድሞ ለመምህራን ሸንጎ ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ባኽ ለብቻ ቫዮሊን የደረሳቸው ስድስት ድርሰቶች (የእጅ ጽሑፉ የ1720 ነው) ሊታለፉ አይችሉም፤ ከእነርሱም ሁለተኛው ፓርቲታ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የመጨረሻው ክፍል ሻኮን ለብቻው ወደ ሩብ ሰዓት ይደርሳል። ከቤትሆቨን ዐሥር ሶናታዎች የክሮይጸሩ ከተመረጠ ደግሞ ወደ አርባ ደቂቃ ይጠጋል። ሁለቱ በአንድ ምሽት ከተቀመጡ ሰዓቱ ሞልቷል፤ ለሃያኛው መቶ ዓመት ድርሰት ቦታ አልቀረም፥ የተጫዋቹም ክንድ ዝሏል። ስለዚህ አንዱን መምረጥ ሌላውን መተው ነው፤ ምክንያቱንም ሸንጎው ይጠይቃል። የአዳራሹ ቀንና የፒያኖ ተጫዋቹ ጊዜም ሳይገጥም ሲቀር፥ በወረቀት ላይ ያማረው ዝርዝር እንደገና ይፈርሳል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ የቫዮሊን ታሪክ ስለ ማዕርግ ሳይታሰብ የጀመረ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023) በልጅነታቸው በስዊስ ቫዮሊን ተማሩ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በየቀኑ ብዙ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። በለንደን ትምህርታቸውን ለመቀጠል የነበራቸው ተስፋ ተዘግቶባቸው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ በኋላ ዓለም ያወቃቸው በፒያኖ ድርሰታቸው ነው፤ ቫዮሊናቸው ግን ተረስቷል።

ዶክተር አሸናፊ ከበደ (1938–1998) ግን ትምህርታቸውን እስከ መጨረሻው ማዕርግ አደረሱ። ያ አዲሱ ሥርዓት በተተከለበት በኢስትማን ተምረው በ1962 ተመረቁ፤ የድጓው ደራሲ ስም የተሰጠው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዲሬክተርም ሆኑ። ሆኖም የዶክተርነት ማዕርጋቸውን በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የተቀበሉት በሪሳይታል ሳይሆን፥ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እድገትና ባህላዊ መሠረት በጻፉት የምርምር ድርሰት ነው። በጊዜው ይህ ተገቢ ነበር፤ የዜማና የመሰንቆ ዕውቀት በውጭ አገር ሸንጎ ፊት እንዲቈጠር መጻፍ ነበረበት። ይሁን እንጂ ከጽሑፉ የማይነበብ ብዙ ነገር በመሰንቆው ደጋንና በአዝማሪው ጣት ላይ ቀርቷል፤ የቫዮሊን መምህርን በጽሑፉ ብዛት ብቻ የሚመዝን የትምህርት ባለ ሥልጣንም ይህንኑ ክፍል ሳይመረምር ያልፈዋል።

ዶክተር አሸናፊ ኮቱሬዥያ የተባለ፥ ለፍሉት፥ ለክላርኔት፥ ለቫዮሊንና ኮቶ ለሚባለው የጃፓን ባለ አውታር መሣሪያ የተደረሰ ሥራ ትተዋል። ከሌሎች ተጫዋቾች ጋራ በሚቀርበው ሪሳይታል፥ ከአውሮፓውያኑ ድርሰቶች አጠገብ ቢቀመጥ ሸንጎው በደስታ የሚያደምጠው ነው። ፍሉትና ክላርኔት ተጫዋቾች በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ የኮቶ ተጫዋች ግን በሮቸስተርም ሆነ በአዲስ አበባ፥ አዳራሹ ከመያዙ አስቀድሞ መፈለግ አለበት።