የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም የደህንነት ክፍተትና ማስተካከያው፦ ከመቱና ከኢሉ አባ ቦር ከተሞች አንፃር

መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮና ቡሬን በመሳሰሉ የኢሉ አባ ቦር ዞን ከተሞች የሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ እንደ ሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ፣ የደመወዝ፣ የበጀት፣ የመሬትና የሕክምና መረጃን ደረጃ በደረጃ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውሩ ቆይተዋል። ይህ መረጃ ተከማችቶ ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚሠራጭበት ማሽን ሰርቨር ሲባል፣ ማሽኑን የሚያሠራው መሠረታዊ ሶፍትዌር ደግሞ የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በስፋት የሚታወቁት የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርና የተለያዩ የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚገኙ የደህንነት ክፍተቶችን በወቅቱ መድፈን የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ይሁን እንጂ ሰርቨሩ ለሁለት ሰዓት ሥራ እንዲያቆም የሚፈቅደው ባለሙያው ሳይሆን የሥራ ኃላፊው በመሆኑ፣ ጉዳዩ በቀዳሚነት የአስተዳደር ውሳኔን የሚጠይቅ ነው።

የደህንነት ክፍተት የሚባለው፣ ፕሮግራሙ ሲጻፍ ሳይታሰብ በመቅረቱ ከውጭ የሚላክለትን መልእክት መጠን ወይም ይዘት በአግባቡ ሳያጣራ የሚቀበልበት ቀዳዳ ነው። ሰርቨር በባሕርዩ ከሌሎች ኮምፒውተሮች የሚቀርብለትን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። በመሆኑም አንዳንዱ ክፍተት አጥቂው የይለፍ ቃል ሳያውቅ፣ ሆን ብሎ የተዛባ ጥያቄ በመላክ ብቻ የራሱን ትእዛዝ በማሽኑ ላይ እንዲያስፈጽም ያስችለዋል። አምራቹ ድርጅት ክፍተቱን ሲደርስበት የተስተካከለውን የፕሮግራም ክፍል አዘጋጅቶ ለተጠቃሚዎች ያሠራጫል። በባለሙያዎች ዘንድ ፓች እየተባለ የሚጠራው ይኸው ማስተካከያ ነው።

ማስተካከያው ይፋ ሲሆን ግን አደጋው አይቀንስም፤ ላልጫነው መሥሪያ ቤት እንዲያውም ይጨምራል። የጥቃት ሶፍትዌር የሚሠሩ ወገኖች አሮጌውንና አዲሱን የፕሮግራም ክፍል ጎን ለጎን በማስተያየት ምን እንደተለወጠ፣ ከለውጡም ተነሥተው ክፍተቱ የት እንደነበረ ለማወቅ ይችላሉ። ማስተካከያው ከወጣበት ዕለት ጀምሮ እስከሚጫንበት ዕለት ያለው ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ አገልግሎት ላይ የተገኘን ክፍተት የሚደፍን ማስተካከያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሶፍትዌር በዚያው ክፍተት ገብቶ በዓለም ዙሪያ መሠራጨት የጀመረው ደግሞ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል 59 ቀናት ነበሩ። የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ በእንግሊዝ ከሚገኙ 236 የመንግሥት ሆስፒታል አስተዳደሮች ቢያንስ 80ዎቹ በጥቃቱ ሥራቸው ተስተጓጉሏል፤ የሕሙማን ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ያረጁና ድጋፍ የተቋረጠባቸው አልነበሩም። ማስተካከያው ተዘጋጅቶላቸው ያልተጫነባቸው ነበሩ። ብልሃትም ሆነ ገንዘብ አላነሳቸውም፤ የጎደለው ጫኑ ብሎ ቀን የቆረጠ ኃላፊ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ቀደም ሲል፣ ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም. የተነሣው ስላመር የተባለው የኮምፒውተር ትል የተጠቀመበት የመረጃ ቋት ሰርቨር ክፍተት ማስተካከያ የወጣለት ሐምሌ 17 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ጊዜ ነበረ። ትሉ 376 ባይት ብቻ የሚመዝን ሲሆን፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ለጥቃት ከተጋለጡት ሰርቨሮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ማዳረሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

«የእኛ ሰርቨር ከኢንተርኔት ጋር ስለማይገናኝ አያሰጋውም» የሚለው አስተያየት በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. መሠራጨት የጀመረው ኮንፊከር ይህን ውድቅ ያደርገዋል። የኮንፊከር ክፍተት ማስተካከያ ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ ትሉ በኋላ በወጡት ዓይነቶቹ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በፍላሽ ዲስክ ጭምር ይተላለፍ ነበር። ሪፖርት በፍላሽ ይዞ ከወረዳ ወደ ዞን የሚመጣ ሠራተኛ፣ ሳያውቀው ትሉንም ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ የውስጥ መረቡ ውስጥ ከገባ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ከፌዴራል እስከ ወረዳ በአንድ መረብ የማገናኘቱ ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር አማካይነት በተዘረጋው ወረዳ ኔት ነው። መረቡ በዋናነት በሳተላይት ግንኙነት ላይ ተመሥርቶ የቪዲዮ ኮንፈረንስ፣ የድምፅና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወረዳዎች እንዲያደርስ ታስቦ የተሠራ ነበር። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 130 የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና ተቋቁሞ ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በሚል ስያሜ ይሠራል። ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትና መረጃን መጉዳት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጡ ናቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዜጎችን መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን ከጉዳት የመጠበቅ ግዴታ እንዲኖርበት አድርጓል። ስለዚህ የሕሙማንን ካርድ በሰርቨር የሚይዝ ሆስፒታልም ሆነ የይዞታ መረጃ የያዘ የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ ወጥቶ ያልተጫነ ማስተካከያን እንደ ተራ የቴክኒክ መዘግየት ሊያየው አይገባም።

መቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ከዞኑ ከተሞች ሁሩሙና ያዮ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ቀደም ሲል የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ የነበረችው ጎሬና ከእርሷ አልፋ የምትገኘው ቡሬ ደግሞ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። አካባቢው በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ ነው። ዝናብና መብረቅ ለቡና ገበሬውና ለሰርቨር ተቆጣጣሪው ያላቸው ትርጉም የተለያየ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ የሳተላይት ግንኙነትን የሚያዳክም ሲሆን፣ መብረቅ የኤሌክትሪክ መስመርን ያቋርጣል።

የግንኙነት መስመር አቅም በስሌት ሲታይ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። 600 ሜጋ ባይት የሚመዝን የወር ማስተካከያ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለማውረድ፣ መስመሩ ሌላ ሥራ ባይኖርበት እንኳ 80 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ግቢ ያሉ 10 ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቢያወርዱት ከ13 ሰዓት በላይ ይሆናል። መስመሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚጠፋው ጊዜ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የሚሠራበት፣ ማስተካከያውን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር አውርዶ ሌሎቹ በውስጥ መረብ ከእርሱ እንዲወስዱ ማድረግ ነው። ለዊንዶውስ ደብልዩሰስ የተባለው አገልግሎት ይህንኑ ያከናውናል። ማይክሮሶፍት ይህን አገልግሎት ወደፊት እንደማያሳድገው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢያስታውቅም፣ በዊንዶውስ ሰርቨር 2025 ውስጥም ተካቶ ቀርቧል። ለሊኑክስ የጥቅሎቹን ግልባጭ በአካባቢው ሰርቨር ማስቀመጥ ይቻላል።

መስመሩ ጨርሶ ለማይደርሳቸው ጽሕፈት ቤቶች ፋይሉን በዲስክ ይዞ መሄድ ያዋጣል። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ የሚያሻው የፋይሉን ትክክለኛነት ማረጋገጥ ነው። ማኅተምና ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ተቀባይነት እንደማይኖረው ሁሉ፣ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ያልተረጋገጠለት ማስተካከያም ወደ ሰርቨር መግባት የለበትም። ኤስኤችኤ 256 በተባለው ስሌት የሚገኘው የፋይሉ መለያ ቁጥር አምራቹ ካወጣው ጋር አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል ማለት ነው።

ሌላው በጥሞና ሊታይ የሚገባው የጊዜ ሰሌዳው ነው። ማይክሮሶፍት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደህንነት ማስተካከያዎቹን የሚያወጣው በአውሮፓውያን ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ሲሆን፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። በመቱ የሚገኝ ባለሙያ መረጃውን የሚያገኘው እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ነው። በአውሮፓውያን ሐምሌ ሁለተኛው ማክሰኞ ምንጊዜም ከ8ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ውስጥ ይውላል። ይህም በእኛ አቆጣጠር ዘወትር ከሐምሌ 1 እስከ 7 ቀን ማለት ነው። ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሒሳብ የሚጠቃለልበት፣ አዲሱ በጀት የሚመዘገብበት ሳምንት ነው። በፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨሩ ለአንድ ሰዓት እንኳ እንዲቆም የሚፈቅድ ኃላፊ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። ክረምቱ የሚበረታው፣ መብራትና መስመር የሚቆራረጡትም በዚያው ወር ነው። የሐምሌው ማስተካከያ ወደ ነሐሴ፣ የነሐሴው ወደ አዲስ ዓመት ሲንከባለል፣ ዋናክራይ የሚያስፈልገው 59 ቀን ሳይታወቅ ይሞላል። ሒሳብ መዝጋቱን ማዘግየት አይቻልም። ከሰኔ አጋማሽ በፊት የሚቆምበትን ሌሊት በደብዳቤ መወሰን ግን ይቻላል፤ የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሌሊት ለዚህ አመቺ ካልሆነ ሁለተኛው ይሆናል።

መቸኮልም የራሱ ጣጣ አለው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻሉበት ክስተት መንስኤው የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ባንኩ ገልጿል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል። ክስተቱ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ማስተካከያ ጉዳይ ባይሆንም፣ በሥራ ላይ ባለ ሥርዓት የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ አስቀድሞ በሌላ ማሽን መሞከር እንዳለበት ከማንኛውም መመሪያ በላይ ያስረዳል። ሁለተኛ ሰርቨር ለመግዛት አቅም የሌለው ጽሕፈት ቤት በአንድ ማሽን ውስጥ የሰርቨሩን ግልባጭ በምናባዊ ማሽን አቁሞ መሞከር ይችላል። ከመጫኑ በፊት የመጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ ቅጂውም ተመልሶ የሚከፈት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተይዟል የተባለ፣ ግን አንድም ቀን ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። ማስተካከያው እየተጫነ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የሲስተሙ ፋይሎች በከፊል ተለውጠው ሰርቨሩ አልነሣም ሊል ስለሚችል፣ የዩፒኤሱ ባትሪና የጄኔሬተሩ ነዳጅ ቀድመው መታየት ይኖርባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ሰርቨሩን ዳግም ማስነሣት ነው። ማስተካከያው በዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ቢተካም፣ በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም አሮጌውን ቅጂ በማስታወሻው ይዞ ይቀጥላል። ተጭኗል ተብሎ ሪፖርት የተደረገ፣ ነገር ግን ለወራት ያልተነሣ ሰርቨር ከነክፍተቱ ነው። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት ከዚህም አልፎ፣ ማስተካከያው ተጭኖና አገልግሎቶቹ ተነሥተው እንኳ፣ ቀድሞ ተሰርቀው ሊሆኑ የሚችሉ የምስጢር ቁልፎችን መቀየር ግድ እንዲል አድርጎ ነበር። ስለዚህ የባለሙያው ሪፖርት የተጫነበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩ ዳግም የተነሣበትን ሰዓትና ከዚያ በኋላ የተነበበውን የሶፍትዌር እትም ቁጥር መያዝ ይኖርበታል። ይህ መዝገብ በአንድ ባለሙያ ላፕቶፕ ብቻ ተቀምጦ ባለሙያው ሥራ ሲለቅ አብሮ የሚሄድበት አሠራር ለኃላፊዎች ትኩረት የሚተው አይደለም።

ለአንዳንድ ሰርቨሮች ግን የሚጫን ማስተካከያ ራሱ የለም። የዊንዶውስ ሰርቨር 2012 መደበኛ ድጋፍ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ማስተካከያ የቀረበው በክፍያ ነው። ሴንት ኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ድጋፍም ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ተቋርጧል። እነዚህን መተካት እስኪቻል ድረስ የማይፈለጉ አገልግሎቶቻቸውን መዝጋት፣ ከሌላው መረብ በፋየርዎል መለየትና ፍላሽ እንዳይሰካባቸው መከልከል አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስወግድም። ለዊንዶውስ ሰርቨር 2016 አምራቹ የወሰነው የድጋፍ ማብቂያ ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በ2019 በጀት ዓመት አጋማሽ ላይ የሚውል በመሆኑ፣ የመተኪያው ግዥ በዚያው ዓመት በጀት ዕቅድ ውስጥ መግባት የሚኖርበት ነው።