የነከሰ ሞተር በአሰብ መንገድ

በደሴና በኮምቦልቻ ስለተፈጸሙ ታላላቅ ድርጊቶች ሲጻፍ መሳፍንቱና የጦር አበጋዞቹ በየስማቸው ይነሳሉ። ጥይቱንም እህሉንም ያመላለሰው የጭነት መኪና ግን ከነሾፌሩና ከነመካኒኩ በታሪክ ድርሳኖቻችን ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ዕድሜውን ያራዘመለትም የፋብሪካው ጥንካሬ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ይህ አባባል ግማሹን እውነት ያስቀራል።

የጭነት መኪና በብዛት ወደ ደሴ የገባው ከወራሪው ጋር ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ከተማይቱን ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ፣ ባዶልዮ በዚያው ወር ከ1,700 የማያንሱ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። ሠልፉ በጣርማ በር አቀበት ላይ በፈረሰ መንገድና በጭቃ ተይዞ፣ የሰው ጉልበት መንገድ እስኪያበጅለት ድረስ መቆም ግድ ሆነበት። በዚያ ዘመን ከታወቁት የኢጣልያ ከባድ መኪኖች አንዱ በ1923 ዓ.ም. የቀረበው ፊያት 634 ሲሆን፣ ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር። ስድስት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተሩ ኃይል 75 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበር። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው የፊያት 682 ዘር፣ በተለይም «ኤንትሬ» የተባለው፣ ይህንኑ መንገድ ወረሰ።

መንገዱ ለሞተር የማይራራ ነው። ከአሰብ የባሕር ጠረፍ የተነሳ መኪና የአፋርን በረሃ በሙቀት ተቃጥሎ ያቋርጥና ወደ ባቲ ይወጣል፤ ከዚያ 1,850 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ትቀበለዋለች። ደሴ ለመግባት ደግሞ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየታገለ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ራዲያተሩ ውሃ ያጎደለበት፣ ዘይቱ የሳሳበት መኪና እዚህ አቀበት ላይ ቢነክስ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሞተር ነከሰ የሚባለው ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሲል ነው። በሙቀት የነከሰ እንደሆነ ብረት በብረት ላይ ተፋፍቋልና ፈውሱ ከባድ ነው። ለብዙ ዓመት ቆሞ በዝገት የነከሰ ግን ትዕግሥት ካገኘ ይላቀቃል። አዋቂው መካኒክ ናፍጣ የሚረጩትን ቧንቧዎች ከቴስታታው ላይ ነቅሎ፣ ነጭ ጋዝና ዘይት ደባልቆ በየሲሊንደሩ ያፈስና ለቀናት ይተወዋል። ከዚያም በሞተሩ ጀርባ ያለውን ከባድ መንኮራኩር በረጅም ብረት አንዲት ጣት ያህል ወደፊት፣ አንዲት ጣት ያህል ወደኋላ ይገፋዋል። እምቢ ካለ ቴስታታው ይወርድና በፒስተኑ አናት ላይ የእንጨት ጉማጅ ተደርጎ በመዶሻ በቀስታ ይመታል። ችኩሉ ግን መኪናውን ማርሽ አስገብቶ በሌላ መኪና ያስጎትተዋል፤ በዚህም ሊድን ይችል የነበረውን ሞተር ዘንጉን አጣሞ ይገድለዋል። እጅ በብረቱ ውስጥ የሚሰማውን እሺታ ለይቶ ማወቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ክራር ከሚቃኝ ሰው ጥበብ የሚያንስ አይደለም።

ፈውስ ያጣ ሞተር ይወርዳል። ከሌላ ከወደቀ መኪና የተገኘው ሞተር ሲተካ፣ የሞተሩ መቀመጫ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፤ ራዲያተሩ ወደፊት ይገፋል፤ ከካንቢዮ ወደ ኋላ እግር ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ያጥራል ወይም ይረዝማል። የሞተሩና የካንቢዮው መሐል ለመሐል አለመግጠም፣ በዓይን የማይታይ ቢሆንም እንኳ፣ ፍሪሲዮኑን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ቴስታታ፣ ካንቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ኢጣልያንኛ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ በጋራዡ ቀሩ፤ ባለቤታቸው ግን ተለወጠ። ዛሬ ካቻቪቴ ሲል ሮማን የሚያስብ ረዳት የለም።

የዚህ ሙያ ዋጋ ጎልቶ የታየው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ የረሃብ ዓመት የዕርዳታ እህል ከአሰብ ወደብ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወሎ መጠለያዎች ይጓዝ ነበር። መንገድ ላይ የነከሰ አንድ መኪና ማለት ያልደረሰ እህል ማለት ነበርና፣ ሞተሩን በአንድ ሌሊት አውርዶ የሰቀለ ሰው የስንት ሰው ነፍስ እንዳተረፈ ቆጥሮ የጻፈ የለም።

አንድ ሰነድ ግን አለ፤ ሊብሬው። በእርሱ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ለየብቻ ይሰፍራሉ። ሞተሩ ሲለወጥ የሞተሩ ቁጥር ይለወጣል፣ የሻንሲው ይቀራል። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት የአሰብ መንገድ ሲዘጋ በጡረታ የቆሙ፣ ወይም ወደ ድንጋይና አሸዋ ጭነት የዞሩ አሮጌ መኪኖች ሲፈርሱ፣ ሊብሬያቸው ከብረታቸው ጋር እንዳይጣል የሚሰበስብ ማኅደር ቢኖር፣ የትኛው ሞተር ከየትኛው መኪና እንደወጣና በየትኛው ዓመት እንደተለወጠ ለማንበብ ይቻላል። ገጾቹ ዘይት የጠጡ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን በአብዛኛው ይነበባሉ።